ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል፦ ከ“ፎርማት” በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

ሰኔ ሲገባ በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ የሚሰለፈው አርሶ አደር ብዙ ነው። ማዳበሪያው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ማን እንደከፈለ፣ ምን ያህል እንደከፈለና ስንት ኩንታል እንደሚገባው መረጋገጥ አለበት። ይህ መረጃ በብዙ ቦታ ከወረቀት መዝገብ ወጥቶ በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። በዚያች ጠዋት ማብሪያው ተጭኖ ስክሪኑ ጥቁር ኾኖ ከቀረ የሚቆመው የሒሳብ ሠራተኛው ሥራ ብቻ አይደለም። ወረፋውም አብሮ ይቆማል፤ ዝናቡ ግን ማንንም አይጠብቅም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈጥኖ የሚሰማው ቃል “ፎርማት ይደረግ” የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ሲባል በተለምዶ ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ማለት ነው። ማሽኑ ምናልባት ይነሣ ይኾናል፤ በውስጡ የነበረው የአባላት ዝርዝር፣ የዕጣ መዋጮና የብድር ሒሳብ ግን አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የሚያስቆጨው ደግሞ ኮምፒውተር እንዳይነሣ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ውስጥ ብዙዎቹ በዲስኩ ላይ ካለው መረጃ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው መኾናቸው ነው። የላላ ገመድ፣ አቧራ የያዘ ራም፣ ያለቀች ትንሽ ባትሪ ወይም ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ማሽኑን ሊያቆሙት ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱም በፎርማት አይድንም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ “ምን ይጫንበት?” ሳይኾን “የት ላይ ቆመ?” የሚለው ነው።

የቆመበትን ቦታ መለየት

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማብሪያው ከተጫነ በኋላ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው የመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ለውጦ ለማዘርቦርዱ ያድላል። ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ይነቃና ራሙን፣ ፕሮሰሰሩን፣ የስክሪን ካርዱንና ኪቦርዱን ይፈትሻል። ፍተሻው ካለፈ የፋብሪካው ዓርማ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከዚያ ባዮሱ ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል።

በግብርና ኮሌጅ ሰብልን ከቅጠሉ መመርመር ሲሰጥ ቀድሞ የሚነገረው ነገር ቢጫነቱ የታየው በየትኛው ቅጠል ላይ እንደኾነ ማየት ነው። የናይትሮጅን እጥረት ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ይጀምራል፤ የብረት እጥረት ከላይኛው ለጋ ቅጠል። ቀለሙ ቢመሳሰልም መድኃኒቱ ይለያያል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። “አልሠራም አለ” የሚለው አባባል ቢጫነቱን ይነግራል እንጂ ቅጠሉን አይነግርም።

ማብሪያው ሲጫን መብራትም ድምፅም ከሌለ ችግሩ ኀይል ላይ ነው። ፋኑ ዞሮ፣ መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ከኾነ ፍተሻው አላለፈም ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ሞኒተሩ ብቻውን ታሟል። ዓርማው ወጥቶ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ከቆመ ባዮሱ ዲስኩን አላገኘም ወይም ቅንብሩ ተቀይሯል። የዊንዶውስ ምልክት ወጥቶ ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ ወይም እየጠፋ መላልሶ ከተነሣ ጉዳዩ ከዲስኩ፣ ከራሙ ወይም ከዊንዶውሱ ነው። ይህን አንድ ነገር በማስታወሻ ጽፎ መያዝ፣ በስክሪኑ ላይ የወጣ ጽሑፍ ካለም በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ያቃልላል።

መብራትና ገመድ

በገጠር ከተሞች የኮምፒውተር ትልቁ ጠላት ከቫይረስ ይልቅ መብራቱ ነው ቢባል ማጋነን አይኾንም። መብራት ሲሄድ የሚደርሰው ጉዳት አንድ ነገር ነው፤ መብራት ሲመጣ ለቅጽበት ከፍ ብሎ የሚገባው ኀይል ደግሞ ሌላ ነው። ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ነው። መብራት በሄደ ጊዜ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ማሽኑ ጨርሶ ካልበራ ፍተሻው ከግድግዳው ይጀምራል። በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ መሥራቱን ማየት ይበቃል። ከሠራ ዲቫይደሩንና ዩፒኤሱን ከመሐል አውጥቶ ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ መብራት እያለም ኀይል ሳያሳልፍ ሊቀር ይችላል፤ የዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቀየር አለበት። ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተር ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ መሰካታቸው ደግሞ ዩፒኤሱን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል። ስታብላይዘርም ከዩፒኤስ ጋር መምታታት የለበትም፤ የሚዋዥቀውን ኀይል ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን አያቆየውም።

በሳጥኑ ጀርባ ገመዱ የሚገባበት ቦታ አጠገብ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ያላቸው ማሽኖች አሉ። ቢሮ ሲጸዳ ወይም ጠረጴዛ ሲዛወር ይህች ማጥፊያ ሳይታወቅ ትነካለች። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫም አለ። በኢትዮጵያ መስመር 230 ላይ መኾን ይኖርበታል፤ ወደ 115 ዞሮ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ሁሉም ደኅና ኾኖ ማሽኑ አሁንም ዝም ካለ ገመዱን ነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ መልሶ ሰክቶ መሞከር ተገቢ ነው። በውስጡ ተጠራቅሞ የቀረው ኀይል ሲወጣ ማዘርቦርዱ ከተያዘበት ሁኔታ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ። ቀላል ስለኾነ ብዙዎች ይንቁታል፤ ነገር ግን መብራት ተቆራርጦ ካደረ በኋላ ለማይነሣ ማሽን መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ራሱ መቃጠሉ ከታወቀ ይቀየራል እንጂ በቢሮ ውስጥ አይከፈትም። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ለሕይወት የሚያሰጋ ኀይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

እዚህ ላይ ከሳጥኑ በፊት ሞኒተሩ ይታያል። የሞኒተሩ መብራት በርቶ “ሲግናል የለም” የሚል መልእክት ካሳየ ሞኒተሩ በሕይወት አለ፤ የጎደለው ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ምስል ነው። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ላልቶ እንደኾነ ማጥበቅ፣ በጀርባው ሁለት የስክሪን መሰኪያ ካለም ሌላውን መሞከር ያስፈልጋል። ተጨማሪ የስክሪን ካርድ ባላቸው ማሽኖች ገመዱ ከካርዱ ላይ ሳይኾን ከማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ሰው ግማሽ ቀን የሚደክምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚህ ካለፈ ተጠርጣሪው ራም ነው። የገጠር ቢሮ አቧራ የራሙን መሰኪያ ቦታ ይሞላዋል፤ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ መገናኛውን ያበላሸዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ይነቀላል። በተለምዶ “ሲፒዩ” እየተባለ የሚጠራው ሳጥን የጎን ክዳኑ በካቻቢቴ ይፈታል። ሠራተኛው የሳጥኑን ብረት በእጁ ነክቶ በሰውነቱ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ያስወግዳል። በራሙ ጫፍና ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፍቶ ራሙን ያወጣል፤ የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዙን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ ይጠርጋል፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በደረቅ ብሩሽ አራግፎ መያዣው “ቀጭ” እስኪል ድረስ መልሶ ይጫነዋል። ሁለት ራም ካለ አንድ አንዱን ለየብቻ መሞከር የታመመውን ከጤነኛው ይለያል።

ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር አቧራውን ማጽዳት ይገባል፤ ሥራው ግን ከቢሮ ውጭ፣ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ መኾን አለበት። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል፤ እርጥብ ጨርቅም አይፈቀድም። እህልና ማዳበሪያ ከሚከማችበት መጋዘን ጎን ባሉ ቢሮዎች ደግሞ በጀርባው ክፍት ቀዳዳ የገባ አይጥ ገመድ ቆርጦ ወይም ጎጆ ሠርቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የማይገለገሉበትን ቀዳዳ በብረት መሸፈኛ መድፈን የመጋዘን አያያዝ አንድ አካል ተደርጎ ቢታይ አይበዛበትም።

ማሽኑ በጥቁር ስክሪን እየጮኸ ከኾነ ድምፁን መቁጠር ያስፈልጋል። አጭርና ረጅም ጩኸቶቹ የትኛው ክፍል እንደታመመ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ትርጉማቸው ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የዚያው ሞዴል መመሪያ ይታያል። በብዙ የዴል ዴስክቶፖች ላይ የማብሪያው መብራት ብርቱካናማ ኾኖ በተወሰነ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ በኤችፒ ማሽኖች ላይ ቀይ ብልጭታ ከጩኸት ጋር ይመጣል። ሁለቱም የሚቆጠሩ ናቸው።

ሳንቲም የምታህለው ባትሪ

በማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ቁጥሯ መጠኗን ይናገራል፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከመብራት በተለየ ጊዜ ሰዓቱ እንዲቆጥር ማድረግ ነው፤ በብዙ ማሽኖች ላይ የባዮሱ ቅንብር እንዳይረሳ የምትጠብቀውም እርሷ ናት። ማሽኑ ከሶኬት ጋር ተገናኝቶ በሚያድርበት ቦታ ባትሪዋ ብዙም አትደክምም። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ወይም ማታ ማታ ሶኬቱ በሚነቀልበት ቦታ ግን ሰዓቱን ብቻዋን ስለምትሸከም ቶሎ ታልቃለች። ቀደም ሲል የተመከረው የመንቀል ጥንቃቄ ዋጋው ይህ ነው፤ ከፓወር ሰፕላይ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን የባትሪዋ እጅግ ትንሽ ነው።

ስታልቅ ምልክቷ ግልጽ ነው። በየጠዋቱ የኮምፒውተሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲነሣም “ኤፍ 1”ን ተጫን የሚል ጽሑፍ ላይ ይቆማል። ቀኑ ሲሳሳት ኢንተርኔት ላይ ያሉ ድረ ገጾች “ደኅንነቱ ያልተጠበቀ” እያሉ አይከፈቱም። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በዚያ ቀን የተቆረጠ ደረሰኝና የተመዘገበ ክፍያ የተሳሳተ ቀን ይዞ መቀመጡ ነው። ኦዲተር ሲመጣ ይህን ማስረዳት ቀላል አይኾንም።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሳሳትበት ግን ሌላ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ሊመለስ ይችላል። ከሚቀየሩት ነገሮች አንዱ ዲስኩ የሚነበብበት ስልት ነው፤ በባዮሱ ውስጥ “ኤኤችሲአይ”፣ “ሬይድ” ወይም በአሮጌ ማሽኖች “አይዲኢ” ተብሎ ይጻፋል። ዊንዶውስ በአንዱ ስልት ተጭኖ ቅንብሩ ወደ ሌላው ከዞረ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ መላልሶ ይነሣል። ውጭው ሲታይ ዊንዶውሱ የተበላሸ ይመስላል፤ ባለሙያ ነኝ ባዩም ፎርማት ያዝዛል። መድኃኒቱ ግን ባትሪዋን ቀይሮ፣ ቀኑን አስተካክሎ፣ ስልቱን ወደነበረበት መመለስ ብቻ ነው። ማሽኑ ደኅና በሚሠራበት ቀን የባዮሱን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ለዚህ ይጠቅማል፤ ቀድሞ ምን ላይ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው አይገኝምና።

“የሚነሣበት ዲስክ የለም” ሲል

ይህ ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው በፊትና በኋላ የተሰካውን ፍላሽ፣ ሲዲና ውጫዊ ዲስክ ሁሉ መንቀል ነው። ባዮሱ ከፍላሹ ለመነሣት እየሞከረ ሊኾን ይችላል። ከዚያ በባዮሱ ውስጥ የዲስኩ ስም መታየት አለመታየቱ ይጣራል። ካልታየ ወደ ዲስኩ የሚሄዱት ሁለቱ ገመዶች፣ የመረጃውና የኀይሉ፣ ተነቅለው እንደገና ይሰካሉ። ከታየ ግን የመነሻ ቅደም ተከተሉ ይስተካከላል።

ዲስኩ “ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ካሰማ ነገሩ ይለያል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ውስጡ እየተጎዳ ነው፤ “እስቲ አንዴ ልሞክር” እየተባለ በተነሣ ቁጥር የሚተርፈው መረጃ ይቀንሳል። ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል፤ ዲስኩም መረጃ በማትረፍ ሥራ ለሚታወቅ ባለሙያ ይሰጣል። የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራሞችን እዚህ ላይ ማስኬድ ትልቅ ስሕተት ነው። ለደከመ ዲስክ መጀመሪያ መቅዳት እንጂ መጠገን አይታሰብም።

ዊንዶውሱ ራሱ ሲታመም

ዊንዶውስ 10 እና 11 በተከታታይ ሁለት ጊዜ መነሣት ካቃታቸው በሚቀጥለው ጊዜ የጥገና ገጻቸውን ራሳቸው ይከፍታሉ። በዚያ ገጽ ላይ የመነሻ ጥገና፣ የቅርብ ጊዜ ማሻሻያን ማስወገድና ወደ ቀድሞ ሁኔታ መመለስ የሚባሉ ምርጫዎች አሉ። ሦስቱም የተጠቃሚውን ፋይል ሳይነኩ የሚሠሩ በመኾናቸው ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። በ“ሴፍ ሞድ” መነሣት ከተቻለ ደግሞ መረጃውን ወደ ውጫዊ ዲስክ ለመቅዳት ጥሩ ዕድል ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው “ይህን ኮምፒውተር ዳግም አስጀምር” የሚለው ምርጫ ነው። ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ሁሉን ያጠፋል፣ ሌላው “ፋይሎቼን አቆይ” ይላል። ሁለተኛውም ቢኾን ፕሮግራሞችን ያስወግዳል። እንደ ፒችትሪ ያሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች መረጃቸውን በዶክመንት ፎልደር ሳይኾን በራሳቸው ፎልደር ውስጥ ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ “አቆይ” የተባለው የማኅበሩን ሒሳብ ላያካትት ይችላል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት መረጃው መውጣት አለበት።

ዊንዶውስ ባይነሣም መረጃውን ማውጣት ይቻላል። ዲስኩ ተፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። ያኛው ኮምፒውተር “ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ” ቢል መልሱ እምቢ ነው፤ ይህ መልእክት ብዙ መዝገብ አጥፍቷል። ሌላው መንገድ እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ሳይጫን “ሞክር” በሚለው ምርጫ አስነሥቶ ፋይሉን መቅዳት ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከኾነ ግን ባለ 48 አሐዝ የመክፈቻ ቁጥሩ ይጠየቃል። ባዮሱ ሲነካካም ይኸው ቁጥር ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ በካዝና ማኖር የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ ነው።

ፎርማቱ ቀድሞ ተደርጎ ከኾነ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አዲስ ነገር መጻፍ አይገባም። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ መረጃ ያልተጻፈበት ክፍል በማትረፊያ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን የተሰረዘውን ዲስኩ ራሱ ከውስጥ ስለሚያጸዳው ተስፋው የመነመነ ነው።

ወደ ጥገና ሲላክ

ማሽኑ ወደ ጥገና ቤት መሄድ ካለበት ለባለሙያው በጽሑፍ የሚሰጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የት ላይ እንደቆመ፣ ከመቆሙ በፊት መብራት ተቆራርጦ እንደነበር፣ ምን ምን እንደተሞከረ፣ እና ከጽሕፈት ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ ዲስኩ ፎርማት እንዳይደረግ። የሚቻል ከኾነ ዲስኩ ተፈትቶ ቢሮው ውስጥ ቢቀር የተሻለ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ፣ ራምና ማዘርቦርድ ያለ እርሱም ይፈተሻሉ። የዲስኩ መለያ ቁጥርም ከመላኩ በፊት በንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ተጠግኖ ሲመለስ ርክክቡ ማሽኑ በርቶ በማየት ብቻ አይፈጸምም። ቀኑና ሰዓቱ ይታያል፤ የአባላት መዝገቡ ተከፍቶ ከመቆሙ በፊት በመጨረሻ የተመዘገበው ክፍያ ከወረቀት ደረሰኙ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያም መዝገቡ በሁለት ውጫዊ ዲስኮች ላይ ይገለበጥና አንዱ በቢሮው ካዝና፣ ሌላው ከቢሮው ውጭ፣ ለምሳሌ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም በዩኒየኑ ዘንድ ይቀመጣል። የማዳበሪያ ሽያጭ በሚካሄድባቸው ሳምንታት ይህ ቅጂ በየቀኑ ማታ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት ይታደሳል።